ወደኋላ የቀረው ባትሪ

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምታነብልህ ልጅህ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ለእሷ አንድ ነገር ልበል። ልጄ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢለት። መሃል ላይ ስትደርሺ አክስትሽን ላድናት ብለሽ መስመር መዝለል ያምርሽ ይሆናል። አትዝለዪ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። እጅህን አንዴ ስትጨብጥ «አዎ»፣ ሁለቴ ስትጨብጥ «አይደለም» ማለትህ እንደሆነ ጽፋልኛለች። ደህና በነበርክበትም ጊዜ ቢሆን ከዚያ ብዙ የራቀ ነገር ስትናገር አልሰማሁህም። ይህን የጻፍኩት ጤነኛው የከንፈርህ ጎን ፈገግ እንዲል ነው። እኔንም አፌን ስለማልከፍት «ሬዲዮ» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሬዲዮ ስትለኝ ኖረሃል፤ ሬዲዮዋ ግን አንድም ቀን ተከፍታ አታውቅም። ዛሬ ልትከፈት ነው።

የምጽፍልህ ስለ ባትሪው ነው።

አንዱ ባትሪ ወደኋላ ይቀራል ብዬህ ነበር። አልቀረም። ሁለቱም በመጀመሪያው ሳምንት ሞልተው ነበር። ዐሥራ አንድ ቅዳሜ ጠየቅኸኝ፤ ዐሥራ አንድ ቅዳሜ ዋሸሁህ።

ጻፍኩት። አሁን እጄ ትንሽ ስለቀለለኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የምታውቀውን ነገር ደግሜ ብነግርህም ታገሠኝ፤ ልጅህ የማታውቀው ብዙ አለ።

ጡረታ በወጣህ በሦስተኛው ሳምንት ያን አሮጌ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ጎትተህ ግቢ ስታስገባ ጎረቤታችን መካኒኩ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቅ ትዝ ይልሃል?

«ጋሼ፣ ዳቦ ሊነግዱ ነው እንዴ?»

«ልተኛበት ነው።»

«ቤት እያለዎት?»

«ቤት የሌለው ሰው ውጭ መተኛት ያምረዋል ብለህ ነው?»

ሁለት ወር ሙሉ ከየስንጥቁ በሚወጣው ዱቄት ነጭ ሆነህ ከረምክ። ወለሉን አነጠፍክ፣ መስኮት ቆረጥክ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር አሰርክ። «ጎጆዋ» አልካት። ልጅህ በስልክ «አባዬ ምን ነካው?» ስትለኝ «ምንም አልሆነም» ነበር ያልኳት። ነገሩ ግን ገብቶኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሐይቁ መንገድ ጭነት አመላልሰሃል። ዳገቱን ስትወጣ በስተቀኝ ሐይቁ ይታያል፤ ከሐይቁ በላይ ዛፎች ያሉበት ሜዳ አለ። አንድም ቀን ቆመህ አታውቅም፤ ጭነት የያዘ ሰው ዳገት ላይ አይቆምም። አንድ ቀን የቁምሳጥን በር እየላግክ «አንድ ሳምንት ብቻ እዚያ ቆሜ ሌሎቹ ሲያልፉ ማየት ነው የምፈልገው» አልከኝ። ከዚያ በኋላ ስለሐይቁ ደግመህ አላነሳህም። አንተ አንድ ነገር አንዴ ከተናገርክ አበቃ ማለት ነው።

እዚያ ግን መብራት የለም፤ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪ ደግሞ የእኔ ነገር ነበር።

እንዴት የእኔ እንደሆነ ልጅህ አታውቅም። ባትሪ ሱቁ የተቀጠርኩት ወለል ለመጥረግና የፈሰሰ አሲድ ለማጽዳት ነበር። ባለሱቁ ካርቶን ሲከፍት መመሪያ ወረቀቱን ይጥለዋል፤ እኔ አነሳዋለሁ። ግማሹ የተቀደደ፣ ግማሹ ዘይት የነካው ነበር። ሦስተኛውን ገጽ አግኝቼ ሁለተኛውን ሳላገኝ ዓመት የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተማርኩ። በኋላ ባለሱቁ ራሱ ደንበኛ ሲጠይቀው ወደ እኔ ይጠቁም ጀመር። «እኔ መሸጥ ነው የማውቀው፤ የባትሪውን ሆድ የምታውቀው እሷ ናት» ይል ነበር።

አንተ የመጣህ ቀን ግን ቀድሞ ያዘህ። ያንን ትልቁን የከባድ መኪና ማስነሻ ባትሪ እየመታ «ይሄ ጋሼ፣ ተራራ ያስነሳል» አለህ።

«ተራራ አላስነሳም፤ መብራት ነው የማበራው።»

«ታዲያ ተራራ ያስነሳ አምፖል ያቅተዋል?»

ወደ እኔ ዞር ብለህ «ሬዲዮ፣ ምን ትያለሽ?» አልከኝ። ሰው ፊት ስትጠይቀኝ የመጀመሪያህ ነበር። ተናገርኩ። የማስነሻ ባትሪ ያለውን ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ ሞተሩ ደግሞ ወዲያው የሚተካለት ነው፤ ቀስ በቀስ ሲያመሹበት ግን ውስጡ ያለው ስስ ሳህን ተበልቶ በጥቂት ወር ይሞታል አልኩህ። ላንተ የሚሆነው ሳህኑ ወፍራም የሆነው፣ ቀስ ብሎ ጠጥቶ ቀስ ብሎ የሚሰጠው የሶላር ባትሪ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ሊትየም ቀላል ነው፤ የያዘውን እስከ ታች ድረስ ቢጠቀሙበትም አይቆጣም፤ ግን አሞላሉ ሌላ ነው፣ አንተ የገዛኸው አሮጌ የሶላር መቆጣጠሪያ አይሞላውም። የአሲዱን ውሰድ፤ ከግማሽ በታች አታውርደው እንጂ ብዙ ዓመት ያገለግልሃል። ሁለት ውሰድ፤ ሁለቱ ግን እኩያ ይሁኑ። አሮጌና አዲስ አብረው ከታሰሩ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ባለሱቁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «የዓመቱን ንግግር ዛሬ ጨረሰችው» አለ። አንተ ሳቅክ። በእኔ ስትኮራ ያን ቀን ነው ያየሁህ፤ አሁንም ሳስታውሰው ፊቴ ይሞቃል።

ከዚያ የምታበራቸውን ሁሉ ጻፍልኝ አልኩህ። በአምፖል ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍክ፦ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ ሬዲዮ፣ የማንበቢያ መብራት ሁለት፣ ስልክ መሙያ ሁለት። እያንዳንዱ ስንት እንደሚጎትት፣ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቅኩህ።

«ሁለት መብራት ምን ያደርግልሃል?»

«አንዱ ለወዲያኛው ጎን ነው።»

«እሺ» ብዬ አባዛሁት። የስልኩንም አባዛሁት። ደመርኩት፤ ከባትሪው ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም ድምሩን በእጥፍ አደረግኩት። ሁለት ባትሪ ልክ መጣ። ካርቶኑን መልሼ ሰጠሁህ፤ አጥፈህ ደረት ኪስህ ከተትከው።

ባትሪዎቹን በረንዳ ላይ ለየብቻ ቻርጅ አደረግኳቸው። አሞላላቸውን ታውቀዋለህ፤ ስንት ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አይተሃል። መጀመሪያ እንደተጠማ ሰው ይጠጣሉ፣ ከዚያ ይዘገያሉ፤ የመጨረሻዋ አምስተኛ እጅ ቀሪው ሁሉ የወሰደውን ያህል ሰዓት ትወስዳለች። ተነቅለው ግማሽ ቀን ካረፉ በኋላ ነው እውነቱን የሚናገሩት። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ለካኋቸው። ሁለቱም ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት። ሙሉ።

መለኪያውን ሳልሰበስብ ሻይህን ይዘህ ወጣህ።

«እህስ፣ ሞሉ?»

ከኋላህ የሳሎኑ በር ክፍት ነበር። ካፖርትህ ከመንጠልጠያው ተነስቶ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ለእኔ እንደ እህት የነበረችው ሚስትህ ስትታመም ላስታምማት መጥቼ፣ እሷ ካለፈች በኋላ ወደ ኪራይ ክፍሌ ሳልመለስ የቀረሁበት ቤት ነው። ያን ቀን መንጠልጠያው ባዶ ሆኖ ሳየው ቤቱ ውስጥ የራሴ ኮቴ ብቻ ሲሰማ ታየኝ። አንድ ሳምንት ብለሃል፤ እኔ ግን አንድ ሳምንት የቀመሰ ሰው ሌላ ሳምንት ያምረዋል፣ ከዚያም ወር፣ ከዚያ አይመለስም አልኩ በሆዴ።

«አንዱ ወደኋላ ይቀራል» አልኩህ።

አስቤበት አልነበረም። አፌ ነው የተናገረው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ኖሬ፣ ሳላስበው ያወጣሁት ቃል ውሸት ሆነ።

«ወደኋላ ስትይ?»

«አልተካከሉም። ሳይተካከሉ ከታሰሩ ይጎዳዳሉ።»

«እሺ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ይቺን ቃል በየቅዳሜው ትላት ነበር። ሌላ ሰው ቢላት ሽንገላ ትመስል ነበር፤ ከአንተ ግን ከምስጋና በላይ ነበረች። እኔም በየቅዳሜው ተቀበልኳት። በአራተኛው ሳምንት «ታዲያ ለምን አይለወጥም?» ስትለኝ «ይድናል፤ ትንሽ ጊዜ ስጠው» አልኩህ። የመጀመሪያው ቀን ከአፌ አመለጠኝ ማለት እችላለሁ። በአራተኛው ሳምንት የመለስኩልህ ግን አስቤ ነው።

መካኒኩማ መጫወቻ አደረገን። «ጋሼ፣ ይሄ ባትሪ ነው ወይስ ነፍሰ ጡር? በዚህ አያያዙ ዘጠኝ ወሩን ሊጨርስ ነው» ሲል አንተ «የሚቸኩል የለም» ብለህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ማጠፊያ ትቀባለህ፣ የተላገ እንጨት ትልጋለህ። ማታ አብረን እንበላለን። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይህንንም ልጻፈው፦ እነዚያ ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር። ከሱቅ ስመለስ ከመኪናው ውስጥ የመዶሻህን ድምፅ ስሰማ «አለ» እላለሁ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መካኒኩ መዶሻው ሲወድቅ ሰምቶ አጥሩን ዘልሎ ገባ። ግማሽ ጎንህ ተይዞ መኪናው ወለል ላይ አገኘህ። ሆስፒታል የደረስከው ወዲያው ስለነበር ነው የተረፍከው አለ ሐኪሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አልሰማህም። ልጅህ አንገቴን አቅፋ እያለቀሰች «እንኳን ያ ባትሪ አስቸገረሽ፣ አክስቴ። እዚያ ሐይቅ ዳር ሰው በሌለበት ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ። መካኒኩም እንደዚያው አለ። ባለሱቁ «ያ ባትሪ ሜዳልያ ይገባዋል፤ አምጪው፣ መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሁሉም አመሰገኑኝ። ዝምታዬን ትሕትና አድርገው ቆጠሩልኝ።

እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ማታ ማታ «እንኳንም ዋሸሁ» እያልኩ እተኛ ነበር። አንድ ስሌት ግን ማንም አልሠራም፤ እኔ ብቻ ሠራሁት። የፈለግኸው አንድ ሳምንት ነው። በዚያች በመጀመሪያዋ ቅዳሜ «ሞልተዋል» ብዬህ ቢሆን ኖሮ ሄደህ፣ ሰባት ቀንህን ቆመህ፣ ሌሎቹ ሲያልፉ አይተህ ትመለስ ነበር። ያ ማክሰኞ ሲመጣ ከተመለስክ ሁለት ወር አልፎህ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ እዚሁ መካኒክ አጠገብ ትሆን ነበር። ውሸቴ አላዳነህም፣ ጋሼ። ሐይቁን ብቻ ነው የነሳህ።

አንተ ወደ ልጅህ ከተማ ከተወሰድክ አራት ወር ሆነ። ባትሪዎቹን በየወሩ ቻርጅ አደርጋቸዋለሁ፤ የአሲድ ባትሪ ባዶውን ከተተወ ይሞታል፣ ያንን ማድረግ አልቻልኩም። መኪናው ውስጥ ግን አልገባሁም ነበር። ባለፈው እሑድ ነው መካኒኩን «እስቲ ቦታቸው እናስገባቸው» ያልኩት። አልጋው ሥር የሠራኸውን የባትሪ ሣጥን ክዳን አነሳሁት።

በክዳኑ ውስጠኛ ጎን በእርሳስ ጽፈሃል። ዐሥር መስመር። ዐሥሩም ዓርብ፣ ከመጀመሪያው ውሸቴ በኋላ ያሉት። በየመስመሩ ሁለት ቁጥር፦ 12.7 እና 12.7። 12.7 እና 12.8። 12.7 እና 12.7። እስከ ታች ድረስ እንዲያ ነው። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ መለኪያ አለ፤ ከእኛ ሱቅ የተገዛ አይደለም። እንዳላውቅ ብለህ ሌላ ሰፈር ሄደህ ነው የገዛኸው።

«ምንድን ነው የተጻፈው?» አለኝ መካኒኩ።

«ቁጥር ነው» አልኩት።

ዓርብ እኔ ሱቅ ሆኜ ትለካለህ፤ ቅዳሜ ሻይህን ይዘህ ወጥተህ ትጠይቀኛለህ። መልሱን ይዘህ ነበር የምትጠይቀኝ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው» ስትለኝም ታውቅ ነበር።

ተናደድኩብህ። አልደብቅህም፣ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ወለል ላይ ተቀምጬ ተናደድኩብህ። ምናለ አንድ ቀን «ውሸታም» ብትለኝ ኖሮ? ቁልፉን አንስተህ ብትሄድስ ማን ይይዝህ ነበር?

ከዚያ ቀና ስል ቁምሳጥኑ በር ላይ ያቺን የአምፖል ካርቶን በአራት ሚስማር መትተሃት አየሁ። በአንድ በኩል ያንተ ጽሕፈት፣ ከጎኑ የእኔ ስሌት። መብራት ሁለት። ስልክ መሙያ ሁለት። ያለህ ስልክ አንድ ነው፣ ጋሼ። እሷንም ማታ ዘግተህ ነው የምትተኛው።

ተነስቼ ወደ «ወዲያኛው ጎን» ሄድኩ። «የዕቃ ሣጥን ነው» ብለኸኝ ነበር። ክዳኑ ላይ ስፖንጅ ለብሷል፣ በራስጌው መብራት አለ። ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩበት። እግሬ ጫፉን ነክቶ ቆመ፤ ለአንተ ቢሆን ጉልበትህ ላይ ያልቅብሃል። በእኔ ልክ ነው የቆረጥከው።

እኔ የሰው ሁሉ ባትሪ የምመርጥ ሴት ነኝ። አንድ ሰው የሚያበራውን ሲዘረዝርልኝ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ሚስቱ ማታ ማታ እንደምትሰፋ፣ አባቱ እንደታመመ ሳይነግረኝ አውቃለሁ። የአንተን ዝርዝር ግን አባዛሁት እንጂ አላነበብኩትም። የራሴን መብራት በገዛ እጄ አስልቼ፣ ላንተ ነው ብዬ መልሼ ሰጠሁህ።

አሁን የገባኝን ልንገርህ፤ ተሳስቼ ከሆነ ለልጅህ ሁለቴ ጨብጥላት። ባትሪው ሞልቶ አልሞላም ስልህ፣ «እሷ ከእኔ ጋር መሄድ አትፈልግም፤ አልሄድም ማለት ከብዷት ነው» ብለህ ገመትክ። እንዳታስገድደኝ ብለህ ዝም አልክ፤ ልቤ እስኪመለስ ጠበቅክ። እኔ ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብዬ ስፈራ፣ አንተ አልጋዬን እየላግክ ነበር። «ነይ አብረን እንሂድ» ለማለት አፍህ እንቢ ብሎህ በአምፖል ካርቶን ላይ ጻፍክልኝ።

ይቅር በለኝ። ስላላነበብኩት ብቻ አይደለም። «አትሂድብኝ» የምትል ቃል እያለች ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ። ከአንተ በላይ የማምነው ሰው አልነበረኝም፤ አንተም ከእኔ በላይ አልነበረህም። ያንን እምነት ይዤ ነው በየሳምንቱ የተጫወትኩበት።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ። ልጅህ ሐኪሙን ጠይቃዋለች፤ ተጋድመህ የግማሽ ቀን መንገድ ብትሄድ አይከፋም ብሏል። ከእኛ ወደ እናንተ የሚመጣው መንገድ በዚያ ዳገት ላይ ነው የሚያልፈው። መካኒኩ የሚመጣውን ቅዳሜ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሊነዳልኝ እሺ ብሏል። «ሬዲዮ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ካወራችኝ ነው፤ አለዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይላል፤ እሞክራለሁ ብዬዋለሁ። አንዴ ከጨበጥክ ጎጆዋን ይዘን እንመጣለን፤ አንተንና ልጅህን ጭነን ተመልሰን ዳገቱ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር በቀን ብርሃን እንቆማለን። በሩን ከፍተን ትራስህን እናስተካክልልሃለን። ሌሎቹ ሲያልፉ ታያለህ።

ሁለቴ ከጨበጥክ፣ እኔን ማየት ከብዶሃል ማለት ነው። እኔ እቀራለሁ። መካኒኩ ብቻውን ያመጣልሃል፤ መኪናዋ ያንተ ናት፣ ሐይቁም ያንተ ነው። በእኔ ምክንያት ሁለተኛ አይቀርብህም።

ባትሪዎቹን ትናንት ጠዋት ከቻርጅ ነቀልኳቸው፣ ቀንና ሌሊት አሳረፍኳቸው፤ ዛሬ ለካኋቸው። ቁጥሩን ግን አልጽፍልህም። መለኪያህን በጨርቁ እንደጠቀለልከው ልኬልሃለሁ፤ ጤነኛው እጅህ ይይዘዋል። ሲደርሱ እኔን አትመን። ራስህ ለካ።

ታናሽ እህትህ፣
ሬዲዮ